ቴሌቪዥን ቤታችን ይግባ ወይስ አይግባ?



ጥያቄው አዲስ አይደለም። አዲስ የተጋቡ ጥንዶች ቤት ሲያደራጁ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች እህት ከዕቃዋ ጋር ቴሌቪዥን ይዛ ስትመጣ፣ ልጆች ጎረቤት ቤት ገብተው አንመለስም ሲሉ ይነሳል። አባት «ሐራም ነው፣ ቤቴ አይገባም» ይላል። እናት «ሰው ቤት ሄደው ከሚያዩ እዚሁ ዓይናችን ሥር ይዩ» ትላለች። በመጨረሻ ነገሩ ወደ ኡስታዝ ይሄዳል፤ ከኡስታዙም «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» የሚል አንድ ቃል ይጠበቃል። በእኛ እይታ ግን ያ አንድ ቃል ብቻውን ቤቱን አይጠብቅም። «ይቻላል» የተባለበት ቤት ሲበላሽ፣ «አይቻልም» የተባለበት ቤትም በሌላ በር ሲበላሽ አይተናል። ከብይኑ ቀጥሎ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ገብቶ ማን ይጠብቀዋል?» የሚለው ነው።

በቅድሚያ ስለ ብይኑ። የፊቅህ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ የሚከለክል ማስረጃ እስካልመጣ ድረስ የዕለት ተዕለት ነገሮች መሠረታቸው መፈቀድ ነው። መሣሪያ ደግሞ የሚውልበትን ዓላማ ብይን ይከተላል። ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ዕቃውን በራሱ ሐራም ከማለት ይልቅ በሚታይበት ነገር የሚመዝኑት ለዚህ ነው። ጠበቅ ያለ አቋም የያዙትም ዝም ብለው አልተነሱም፤ አንዱ መነሻቸው ሥዕል ሠሪዎችን በብርቱ የሚያስጠነቅቁት ሐዲሶች ናቸው። ካሜራ የሚያነሳው ምስል በእጅ ከሚሳለው ጋር አንድ ነው ወይስ ይለያል? የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶግራፍን የሚፈቅድ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈዋል፤ ሼኽ ናሲሩዲን አል-አልባኒ ደግሞ በእጅ ሥዕልና በፎቶግራፍ መካከል የሚደረገውን ልዩነት አልተቀበሉትም። የፓኪስታኑ ሙፍቲ ተቂ ዑስማኒ በበኩላቸው በስክሪን ላይ መጥቶ የሚጠፋውን ምስል ተስሎ እንደሚቀር ሥዕል አላዩትም። ልዩነቱ የዒልም ልዩነት ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥን የገዛን ወንድም በፋሲቅነት መፈረጅም፣ ቤቱ እንዳይገባ የወሰነውን ኋላ ቀር ማለትም ሁለቱም ነውር ናቸው።

ይህ ክርክር ደም ያፋሰሰበት ጊዜ አለ። በሳዑዲ ዐረቢያ በንጉሥ ፈይሰል ዘመን፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ) አጋማሽ ቴሌቪዥን ሲጀመር ብርቱ ተቃውሞ ተነሳ። የንጉሡ የወንድም ልጅ ኻሊድ ቢን ሙሳዒድ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ተሰልፎ በጸጥታ ኃይሎች ተገደለ። በ1975 ንጉሡን ተኩሶ የገደለው የኻሊድ ወንድም ነበር፤ በቀል ይሁን ሌላ ምክንያት እስከ ዛሬ ያነጋግራል። ዛሬ ያው አገር የሁለቱን ሐረሞች ሥርጭት ቀንና ሌሊት ወደ ቤታችን ይልካል፤ ብዙ እናቶቻችንም የመካን ሶላት የሚያዩት በእሱ ነው።

በአገራችን ቴሌቪዥን የጀመረው በ1957 ዓ.ም ነው። ለረጅም ዘመን የነበረው አንድ የመንግሥት ጣቢያ ስለነበር ምርጫው ማብራት ወይም ማጥፋት ብቻ ነበር። ነገሩን የቀየረው ዲሽ ነው። ከዚያም በ2008 ዓ.ም ቃና የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያስነገረ ሲመጣ የቋንቋው አጥር ወደቀ። እዚህ ላይ ብዙም የማይነሳ አንድ ነገር አለ። የቱርክ ድራማ ተዋንያን የሚጠሩበት ስም የእኛ ስም ነው፤ ዑመር፣ ከማል፣ ዘይነብ። የሆሊውድ ፊልም ሲከፈት የሚደነግጥ ወላጅ ይህን ሲያይ ዘና ይላል። ልጅ ግን «ዑመር» የተባለ ሰው አስካሪ መጠጥ ሲጠጣና ካላገባት ሴት ጋር ሲኖር አይቶ ይህን ከእኛው ሕይወት አድርጎ ይወስደዋል። ባዕድ መሆኑ ከሚታወቅ ነገር ይልቅ ዘመድ መስሎ የሚገባው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ታዲያ ዲናችን ስለ «ማየት» ምን ይላል? በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ፣ እኛ ሐበሾች በኩራት የምናነሳው አንድ ሐዲስ አለ። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂድ ውስጥ በጦር ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤታቸውን እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ) በልብሳቸው ጋርደው፣ እሷ ከኋላቸው ሆና ጨዋታውን እስክትጠግብ ድረስ ቆመው አሳዩዋት። እሷም ኋላ ይህን ስትተርክ፣ ዕድሜዋ ለጋ የሆነ፣ ጨዋታ የምትወድ ልጅ ምን ያህል እንደምትጓጓ ሰዎች እንዲገምቱ ትናገር ነበር።

ሐዲሱን የምናነሳው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሐበሾቹ ለመናገር ነው። እስቲ ዛሬ ተመልካቿን እንይ። ለጋ ልብ ጨዋታ ማየት ሲፈልግ «ወግጂ» አልተባለም፤ ፍላጎቱ እንደ ነውር አልተቆጠረም። የታየው ነገር ጀግንነትና ብቃት ያለበት ጨዋታ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አብረዋት ቆመዋል፤ ጋርደዋታልም። እሷ ስትጠግብም አብቅቷል። በእኛ ቤት የጎደለው ይህ አብሮ መቆም ነው። ልጁ እንዳያስቸግር ተብሎ ይከፈትለታል፤ እናት ወደ ማዕድ ቤት፣ አባት ወደ ስልኩ ይሄዳል። ያልታየውን ማረም አይቻልም። አብሮ የተቀመጠ ወላጅ ግን «ይህ ሰውዬ ያደረገው ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንድ መጥፎ ትዕይንት እንኳ በእጁ የተርቢያ ዕድል ይሆናል።

ሁለተኛው ሐዲስ የሚገባው ቤት ለሚያደራጁ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የቤቷን አንድ ጎን የምትጋርድበት ባለ ሥዕል መጋረጃ ነበራት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሥዕሎቹ በሶላታቸው ውስጥ ድቅን እያሉባቸው እንደሆነ ነግረዋት እንድታነሳው ጠየቋት። አነስ (ረ.ዐ) የዘገቡት፣ በቡኻሪ የሚገኝ ሐዲስ ነው። የማይንቀሳቀስ መጋረጃ ይህን ካደረገ፣ በቂብላው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ 43 ኢንች ስክሪን ምን ያደርጋል? ብዙዎቻችን የምንኖረው አንዱ ክፍል ሳሎንም፣ መኝታም፣ መስገጃም በሆነበት የኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑ ከቂብላው አቅጣጫ ውጭ ይቀመጥ፤ ካልሆነም በሶላት ሰዓት ድምፁን መቀነስ ሳይሆን ማጥፋትና ጨርቅ ጣል ማድረግ ይገባል። ድምፁ ጠፍቶ ምስሉ እየሮጠ አጠገቡ የሚሰግድ ሰው ልቡ የት እንዳለ ራሱ ያውቀዋል።

ሌላው ሰዓቱ ነው። አቡ በርዛ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትን፣ ከዒሻ በኋላም ወሬ ማውራትን ይጠሉ ነበር። ዑለማዎች ለዒልም፣ ለእንግዳና ከቤተሰብ ጋር ለሚደረግ መልካም ጨዋታ ቦታ ትተዋል። የእኛ አገር የድራማና የኳስ ሰዓት ግን የሚደምቀው ልክ ዒሻ ሲገባ ነው፤ ጀመዓውን ይሻማል፤ ከዚያ እስከ 5 እና 6 ሰዓት ሌሊት አምሽቶ ፈጅርን ይወስዳል። በመምህርነት በሠራንባቸው ዓመታት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደብተሩ ላይ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነበር፤ «ትናንት ጨዋታ ነበር»። ስለ ሕፃናት ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው፤ 2 ዓመት ያልሞላው ልጅ ስክሪን ፊት እንዲቀመጥ አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ሕፃን ለማብላት ቴሌቪዥን የሚከፍት ቤት ይህንን ቢያስብበት መልካም ነው።

እስካሁን ያልነው «አይግባ» ለሚለው ወገን የሚያደላ ይመስላል። ግን አለማስገባትም የራሱ ዋጋ አለው። ጎረቤት ቤት የሚያየው ልጅ የሚያየውን የሚመርጥለት ጎረቤቱ ነው። ወጣቱ ደግሞ ኳስ ማሳያ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ጫት አለ፣ ስድብ አለ፣ ከሁሉም የከፋው የውርርድ ወረቀት አለ፤ ቁማር መሆኑን የማያውቅ የለም፣ ግን ተለምዷል። አባቱ ቤት ውስጥ ጨዋታውን አብሮት ቢያይና በእረፍት ሰዓት ተነስተው ቢሰግዱ ምን ይጎዳ ነበር?

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። «እኛ ቤት ቴሌቪዥን የለም» በሚባልበት ቤት ስንት ስልክ አለ? ቴሌቪዥንን በር ላይ መልሶ ለ12 ዓመት ልጅ ኢንተርኔት ያለው ስልክ ሰጥቶ ማስተኛት ከባድ ቅራኔ ነው። ቴሌቪዥን ሳሎን ላይ በሁሉም ፊት ይከፈታል፤ አያት አለች፣ እህት አለች፣ ሐያእ የሚባል ነገር አለ። ስልክ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው ከተሜ ቤተሰብ ከሁለቱ የሚከብደው ስልኩ ነው፤ ስለ ቴሌቪዥን የሚደረግ ምክክርም ስልኩን ካላካተተ ግማሽ ነው።

ያም ሆኖ «ለዚህ ቤት አይግባ» የምንልባቸው ሁኔታዎች አሉ። ወላጆች ሁለቱም ውለው የሚገቡና ልጆች ቀኑን ሙሉ ከሠራተኛ ጋር የሚውሉ ከሆነ፤ አባወራው ራሱ ኳስ ሲከፈት ጀመዓ እንደሚተው የሚያውቅ ከሆነ፤ ዕቃው የሚገዛው በወለድ ብድር ከሆነ። ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት ይቀድማል የሚለው መርሕ የወጣው ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ነው። አላህ በሱረቱ አት-ተሕሪም ምእመናን ራሳቸውንም ቤተሰባቸውንም ከእሳት እንዲጠብቁ ሲያዝ ጥበቃውን የጀመረው ከራስ ነው፤ የራሱን ድክመት የሚያውቅ አባት ለልጆቹ የሚሆነውን መልስ ግማሹን ያውቃል።

ይግባ ከተባለ ከመግዛት በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ይመካከሩ። የት ይቀመጣል፣ ስንት ሰዓት ይጠፋል፣ ሪሞቱ ማን ጋ ያድራል? ዕቃው ገብቶ ልጆች ከለመዱት በኋላ የሚወጣ ሕግ ጠብ ነው የሚሆነው። ዲሽ የሚገጥመው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ያገኘውን ጣቢያ ሁሉ ጭኖ ይሄዳል። አብሮት መቀመጥና የማይፈለገውን እዚያው ማስጠፋት ይቻላል፤ ስድስት ሰባት ጣቢያ ለአንድ ቤት ይበቃል። አብዛኞቹ ሪሲቨሮች የሚስጥር ቁጥር አላቸው፤ ነገር ግን ከፋብሪካ የሚመጣው ቁጥር ብዙ ጊዜ 0000 ስለሆነ ካልተቀየረ ዋጋ የለውም፤ ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ሪሲቨሩ ወደ ፋብሪካ ይዘቱ ከተመለሰም የተጠፉት ጣቢያዎች ተመልሰው ሊጫኑ፣ ቁልፉም ሊነሳ ይችላልና አልፎ አልፎ ማየት ያስፈልጋል። ስማርት ቴሌቪዥን ከሆነ ዩቲዩብ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ እንዳያስከትል ማጥፊያ አለው። የቁርኣን ቂርኣት ፈልጎ የከፈተ ልጅ ከአራት ቪዲዮ በኋላ የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

ነሲሓን፣ ሚንበርን፣ አፍሪካ ቲቪን የመሳሰሉ የራሳችን ጣቢያዎች መኖራቸው ትልቅ ኒዕማ ነው፤ በልጅነታችን ይህ አልነበረም። ሆኖም ሁለት ነገር እንዳይዘነጋ። ቁርኣን ሲቀራ ማዳመጥና ዝም ማለት አደቡ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ በላዩ ላይ ሽንኩርት እየተከተፈ ወሬ የሚወራበት ቂርኣት ያንን አደብ ያስረሳል። ሌላው፣ የዒልም ጣቢያ የመድረሳን ቦታ አይተካም። ስክሪን የልጅን የተጅዊድ ስሕተት ሰምቶ አያርምም፣ ፊቱን አይቶም አልገባህም አይለውም።

ባልና ሚስት ካልተስማሙስ? አንዱ ወገን ፈትዋ እየጠቀሰ ሌላውን ማሸነፍ ከጀመረ ቴሌቪዥኑ ሳይገባ ጉዳቱ ገብቷል። ነገሩን ለተወሰነ ጊዜ ማቆየት፣ ወይም ለሦስት ወር በስምምነት ሞክሮ ማየት ይቻላል። የአያት ቤት ግን ሌላ ነው። እማማ ድራማቸውን እያዩ እንዲያጠፉ ማዘዝ የልጅ ወግ አይደለም፤ ልጆቹን ይዞ ሌላ ክፍል መቀመጥ ወይም የጉብኝቱን ሰዓት መቀየር ይሻላል።

ቴሌቪዥን አስቀድሞ የገባበትና የከበደበት ቤተሰብ ደግሞ ለሙከራ ከረመዳን የተሻለ ወር የለውም። ብዙ ቤቶች በረመዳን ይዘጉታል፣ ወይም ከሐረሞቹ ሥርጭት በቀር አይከፍቱም፤ ቤቱም ያለሱ ኢፍጣሩን፣ ተራዊሑን፣ ጨዋታውን እንደሚሞላው ያዩታል። ዒድ ሲያልፍ ሪሞቱን ቀድሞ የጠየቀው ማን እንደሆነና ምን ለማየት እንደጠየቀ ወላጆች ቢያስተውሉ፣ የትኛው ጣቢያ እንደሚጠፋና ከማን ጋር መቀመጥ እንዳለባቸው ከዚያ ያውቁታል።

ወላሁ አዕለም።