ዘር ከመዝራት በፊት፦ ውኃ፣ አመድና የከብት ሽንት ለቡቃያ የሚሰጡት ጥቅም

በምዕራብ ሸዋ ዞን፣ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ከጌዶ ቀጥላ የምትገኘው እጃጂና አካባቢዋ በቆሎ በስፋት የሚመረትባቸው ናቸው። በቆሎ የሚዘራው ዝናቡ መሬቱን በሚገባ ማራስ ሲጀምር ነው። ዘሩ አፈር ከገባ በኋላ ዝናቡ ቢቋረጥ ግን ያበጠው ዘር ሳይወጣ ይቀራል፤ አርሶ አደሩም ለሁለተኛ ዘር ወጪ ይዳረጋል፣ ወቅቱም ያልፈዋል። ቶሎ የበቀለ ቡቃያ ሥሩን ወደ ርጥበቱ ቀድሞ ስለሚሰድ እንዲህ ያለውን ክፍተት የመቋቋም ዕድሉ የተሻለ ነው።

ለዚህ ከሚረዱት ነባር ዘዴዎች ወጪ የማይጠይቀው ዘርን ቀድሞ መዘፍዘፍ ነው። ጠላ፣ በአካባቢው አጠራር ፋርሶ፣ የሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ይህን ሥራ ከብቅል ያውቀዋል፦ ገብሱ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከዚያም በቅጠል ተሸፍኖ ይጎነቁላል። ለዘር የሚፈለገው የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። በቆሎ ከ12 እስከ 18 ሰዓት፣ ማሽላ 10 ሰዓት፣ ሽምብራ 8 ሰዓት ያህል በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከውኃው ወጥቶ ላዩ እስኪጠፈፍ በጥላ ከተሰጣ በኋላ በዚያው ዕለት ርጥበት ባለው መሬት ይዘራል። ከዚህ በላይ የቆየ ዘር አየር ያጥረዋል፤ ጎንቁሎ የተገኘ ደግሞ በሚዘራበት ጊዜ ጫፉ ይሰበራል። ጤፍ ደቃቅ በመሆኑና እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ አይዘፈዘፍም። ይኸው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሕንድና በዚምባብዌ በአርሶ አደሮች ማሳ ላይ ተሞክሮ ቡቃያው ቶሎ እንደሚወጣ ታይቷል።

ጥብቅ ማሳሰቢያ የሚያስፈልገው በከረጢት ስለሚገዛ ዘር ነው። ከባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን እንደ ቢኤች 660 እና ቢኤች 661 ያሉ ድቅል ዝርያዎች የሚዘራ አርሶ አደር፣ ዘሩ ቀለም የተቀባ ከሆነ በፀረ ፈንገስ ወይም በፀረ ተባይ መድኃኒት መታሸቱን ይወቅ። እንዲህ ያለ ዘር አይዘፈዘፍም። መድኃኒቱ ታጥቦ ይሄዳል፣ የተዘፈዘፈበት ውኃም ለሰውና ለከብት አደገኛ ይሆናል። ከዘር የተረፈውም አይበላም፣ ለዶሮም አይሰጥም። ስለዚህ መዘፍዘፍ የሚመለከተው አርሶ አደሩ ከራሱ ጎተራ የሚያወጣውን፣ መድኃኒት ያልነካውን ዘር ነው።

የከብት ሽንትና አመድ በየቤቱ የሚገኙ ቢሆኑም አብዛኛውን ጊዜ በከንቱ ይባክናሉ፤ ወይም ያለ ልክ ፈስሰው ችግኝ ያቃጥላሉ። ሽንት ናይትሮጅን አለው። በበርበሬ መደብ ላይ ለመጠቀም ክዳን ባለው ዕቃ ተጠራቅሞ አንዱ ሊትር በ10 ሊትር ውኃ ይቀጠናል፤ ችግኙ ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ካወጣ በኋላም ፀሐይ ስትበርድ ቅጠሉን ሳይነካ ከግንዱ ራቅ ብሎ በአፈሩ ላይ ይጠጣል። አመድ በበኩሉ ፖታሲየምና ካልሲየም ይዟል፤ የአፈርን አሲዳማነትም ይቀንሳል። የአካባቢው ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ በመሆኑ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ይሁንና የምድጃ አመድ ለችግኝ መደብ እንጂ ለሙሉ ማሳ አይበቃም፤ ለማሳው የሚያስፈልገው በኩንታል የሚቆጠር ኖራ ነው። አመድና ሽንት በአንድ ዕቃ መቀላቀል ግን ስሕተት ነው። አመዱ በሽንቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ጋዝ ለውጦ ያበንነዋል፤ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ የሚወጣውም ከዚሁ ነው። ሁለቱን በተለያየ ሳምንት መስጠት ይገባል።

ትኩስ እበትም ለመደብ አይሆንም፤ የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይዞ ይገባል። በሚገባ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ ባዮጋዝ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከማብላያው የሚወጣውን ዝቃጭ ቢጠቀም ይመረጣል።

የትኛውም ዝግጅት የሞተ ዘርን አያስነሣም። ስለዚህ ከዘር ወቅት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየተከታተሉ ከ7 ቀን በኋላ የበቀለውን መቁጠር ያስፈልጋል። ከ100 ውስጥ 80 ከበቀለ የዘሩን መጠን በዚያው ልክ ጨምሮ መዝራት ይቻላል፤ ግማሹ ካልበቀለ ግን ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል። በቆጠራው ወይም በሽንቱ አቀጣጠን የሚቸገር ሰው በቀበሌው አርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል የሚገኙትን የልማት ሠራተኞች መጠየቅ ይችላል። የተገዛ ዘር በሙከራው ካልበቀለ ከረጢቱን፣ መለያ ወረቀቱንና ደረሰኙን ይዞ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማመልከት የሚገባው ዘሩ ማሳ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከተዘራ በኋላ ጉድለቱ የዘሩ ይሁን የዝናቡ ለመለየት አስቸጋሪ ይሆናል።