ኩዌት ገንዘብ አልቆባታል? ስለ በጀቷ ጠብ የሚወራውና እውነታው

ኩዌት ውስጥ ስለ መንግሥት በጀት የሚነሳው ክርክር ወደ እኛ ወገኖች ጆሮ የሚደርሰው ተቆራርጦ ነው። ሾፌሩ ከመኪናው ሬዲዮ ይሰማል፤ ቤት ውስጥ የምትሠራዋ ከማዳም ስልክ ትቃርማለች፤ ዓርብ ሲገናኙ ሁሉም የሰማውን ያዋጣል። ፋርዋኒያ ላይ ጠዋት የተነሳ ወሬ ማታ ፋሃሂል ይደርሳል። "ደመወዝ ሊቆም ነው"፣ "ሐዋላ ላይ ግብር ተጣለ"፣ "መጅሊሱን (ፓርላማውን) የዘጉት ብር ስላለቀባቸው ነው"። ይህን ሰምቶ ያለውን ሁሉ በጥድፊያ የሚልክ፣ ኮንትራቱን ሳይጨርስ የሚወጣ፣ ያልተከፈለውን ደመወዝ "መንግሥት ከልክሎ ነው" ብሎ የሚተው ሰው ስላለ ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

"ኩዌት ገንዘብ አልቆባታል"

ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በኦገስት 2020፣ ኮሮና የነዳጅን ዋጋ መሬት ባወረደበት ጊዜ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ባራክ አል ሺታን ፓርላማ ቀርበው በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ 2 ቢሊዮን ዲናር ብቻ እንደሆነ፣ ይህም ከኦክቶበር በኋላ የመንግሥት ሠራተኛውን ደመወዝ ለመክፈል እንደማይበቃ ተናገሩ። በሚቀጥለው ወር ሙዲስ የተባለው የብድር ደረጃ መዳቢ ድርጅት የኩዌትን ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አደረገ። የዚያ ዓመት የበጀት ጉድለት 10.8 ቢሊዮን ዲናር ደረሰ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጉድለት ታይቶ አያውቅም።

ያለቀው ግን የአገሪቱ ሀብት ሳይሆን ከሁለቱ ቋቶች አንደኛው ነው። ኩዌት የነዳጅ ገቢዋ የሚገባበትና የዕለት ወጪዋ የሚወጣበት ጠቅላላ መጠባበቂያ ፈንድ አላት። ከዚህ ተለይቶ በ1976 በሕግ የተቋቋመ የመጪው ትውልድ ፈንድ አለ። ሲቋቋም ከጠቅላላው መጠባበቂያ ግማሹ ተዛውሮለታል፤ ከዚያም በየዓመቱ ከመንግሥት ገቢ 10 በመቶ እየተቆረጠ ሲገባለት ኖሯል። ከዚህ ፈንድ ያለ ሕግ አንድ ፊልስ (የዲናር አንድ ሺኛ) ማውጣት አይቻልም። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ታሽጎበት ሊጥ ያጣ ቤት ማለት ነው። ፈንዱ በሰፊው የተነካው ሳዳም ሁሴን አገሪቱን በወረረበት በ1990 እና በ1991፣ ለስደተኛው መንግሥትና ለነፃ ማውጫው ጦርነት ወጪ ነበር።

ሁለቱንም የሚያስተዳድረው የኩዌት ኢንቨስትመንት ባለሥልጣን ነው። የዚህ አሠራር ሥር የተተከለው በ1953፣ በሼክ አብዱላህ አል ሳሊም ዘመን ለንደን ላይ በተቋቋመው የኢንቨስትመንት ቦርድ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የመንግሥት ሀብት ፈንድ የሚባለውም እሱ ነው። ዛሬ ባለሥልጣኑ የያዘው ሀብት ከ900 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። "ይገመታል" የምለው ሕጉ ራሱ ዝርዝሩን ለሕዝብ መግለጥን ስለሚከለክል ነው። ይህ ምስጢር ከጠቡ ሥሮች አንዱ ነውና ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ2020 የተባለው ኦክቶበር መጣ፣ አለፈ፤ የማንም የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ አልቆመም። መንግሥት በጠቅላላው መጠባበቂያ ያሉትን ንብረቶች ለመጪው ትውልድ ፈንድ እያስተላለፈ ጥሬ ገንዘብ አገኘ። ፓርላማውም በዚያው ኦገስት የ10 በመቶው ቆረጣ በጀቱ ትርፍ ባሳየ ዓመት ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ነዳጅ ሲወደድ፣ የ2022/23 በጀት 6.4 ቢሊዮን ዲናር ትርፍ አሳየ።

"ጠቡ የገዢው ፓርቲና የተቃዋሚው ነው"

እኛ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ሥዕል እዚህ አይሠራም። ኩዌት ውስጥ በሕግ የሚመዘገብ የፖለቲካ ፓርቲ የለም። የ1962 ሕገ መንግሥት ባቆመው መጅሊስ አል ኡማ ውስጥ እስከ 2024 ድረስ 50 ተመራጮች ይቀመጡ ነበር፤ ሚኒስትሮችም አብረዋቸው ድምፅ ይሰጡ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾመው አሚሩ ነው፤ ምርጫ ያሸነፈ ወገን መንግሥት አይመሠርትም ነበር። ተመራጮቹ በጎሳ፣ በሃይማኖታዊ ዝንባሌ፣ በሊበራልነት፣ በነጋዴ ቤተሰብነት ይቧደኑ ነበር፤ ቡድኑም በየጉዳዩ ይፈርስ፣ ይሠራ ነበር።

በእኔ ግምት የችግሩ እምብርት እዚህ ነው። ምክር ቤቱ ረቂቅ ሕግ ለመጣል፣ ሚኒስትር አቁሞ ለመጠየቅና ከሥልጣን ለማስወረድ በቂ ጉልበት ነበረው። በጀቱን አውጥቶ የመምራትና ለውጤቱ የመጠየቅ ኃላፊነት ግን አልነበረበትም። መንግሥት በበኩሉ ገንዘቡን ይዟል፤ የመራጭ ድምፅ የለውም። እንዲህ ባለ አሠራር ወጪ ቀንሱ ብሎ መራጩ ፊት የሚቆም ሰው ከየትም ወገን አይገኝም።

"ፓርላማው ለሕዝብ ይቆም ነበር፣ መንግሥት ይበላ ነበር"፤ ወይም "አገሪቱን ያሰራት ፓርላማው ነው"

ወሬው እንደ ሰሚው ቤት ይለያያል። ባባው (የቤቱ ጌታ) መንግሥትን የሚደግፍ ከሆነ ሁለተኛውን፣ የተቃዋሚ ተመራጭ ዘመድ ከሆነ የመጀመሪያውን ትሰማላችሁ። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል።

የብድር ሕጉን እንመልከት። ኩዌት በማርች 2017 ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ገበያ 8 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የመበደር ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ ጊዜው አለፈ። መንግሥት በ30 ዓመት ውስጥ እስከ 20 ቢሊዮን ዲናር ለመበደር የሚያስችል ረቂቅ አቀረበ፤ ተመራጮቹ አንቀበልም አሉ። ክርክራቸው ቀላል ነበር፦ በፈንዱ ያለውን አሳዩን፣ ባባከናችሁት ላይ መልስ ስጡን፣ ከዚያ ስለ ብድር እናወራለን። የመንግሥት ገንዘብ አያያዝ ላይ በየጊዜው የተነሱት የሙስና ጉዳዮች ይህን ጥርጣሬ ባዶ አያደርጉትም። በኖቬምበር 2011 ከኢራዳ አደባባይ የተነሳ ሕዝብ ምክር ቤቱን ሰብሮ የገባው በዚሁ በሙስና ቁጣ ነበር፤ ወሩ ሳያልቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀቁ።

እነዚሁ ተመራጮች ግን ወጪ የሚጨምር ሐሳብ ሲመጣ ስለ ገንዘብ እጥረት አያነሱም ነበር። የዜጎችን የባንክ የፍጆታ ዕዳ መንግሥት ይግዛው ብለው ገፍተው፣ በዚሁ ግብግብ በጃንዋሪ 2023 ካቢኔው ሥራውን ለቀቀ። ጥያቄው አዲስም አይደለም። በ1982 ሱቅ አል መናኽ የተባለው የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ፣ ለወደፊት ቀን ተጽፈው የነበሩት ቼኮች ከ90 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ነበራቸው፤ ከውድቀቱ የማዳኑ ሸክም በስተመጨረሻ ያረፈው በመንግሥት ካዝና ላይ ነው። ካዝናው ይሸፍናል የሚል እምነት በሕዝቡ ውስጥ የተተከለው ራሱ መንግሥት እንዲህ ሲያደርግ ስለኖረ ነው።

መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ሲሞክር የደረሰበትም ይታወቃል። በሴፕቴምበር 2016 የቤንዚን ድጎማ ተቀነሰ፤ ሱፐር የሚባለው በሊትር ከ65 ፊልስ ወደ 105፣ ኡልትራው ወደ 165 ወጣ። በኦክቶበር ምክር ቤቱ ተበተነ፣ በኖቬምበር ምርጫ ተደረገ፣ ጭማሪውን የተቃወሙት በብዛት ገቡ። ከዚያ በኋላ የዜጋውን ድጎማ ለመንካት የደፈረ አላየሁም።

"መጅሊሱ ሲዘጋ ችግሩ ተፈታ"

ሜይ 10 ቀን 2024 አሚሩ ሼክ ሚሻል አል አህመድ ከተመረጠ ገና አንድ ወር ያለፈውን ምክር ቤት በትነው አንዳንድ የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች እስከ 4 ዓመት አገዱ። ከዚህ በፊትም ከ1976 እስከ 1981፣ ከ1986 እስከ 1992 ምክር ቤቱ ተዘግቶ ያውቃል። "ብር ስላለቀ ዘጉት" የሚለው ስህተት ነው። አሚሩ በንግግራቸው ያነሱት የተመራጮቹን በአስፈጻሚው ሥልጣን ጣልቃ መግባት ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር በፍጥነት ሄዷል። ለሰባት ዓመት ተኩል የተቆለፈው የብድር ሕግ በማርች 2025 በድንጋጌ ወጣ፦ እስከ 30 ቢሊዮን ዲናር፣ እስከ 50 ዓመት በሚቆይ ዕዳ። በኦክቶበር 2025 ኩዌት 11.25 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በትልልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ላይ 15 በመቶ ግብር ተጣለ።

የበጀቱ ቅርጽ ግን ያው ነው። ለ2025/26 የወጣው በጀት ወጪው 24.5 ቢሊዮን፣ ገቢው 18.2 ቢሊዮን ዲናር ነው፤ ጉድለቱ 6.3 ቢሊዮን። ከገቢው 15.3 ቢሊዮኑ ነዳጅ ነው። ከወጪው ከአምስት እጅ አራት ያህሉ ደመወዝና ድጎማ ነው። ድምፅ ሰጥቶ የሚከለክል ሰው ባለመኖሩ መበደር ቀሏል፤ ከዚህ ቁጥር ላይ የሚቀነስ ግን ብዙም አልታየም። የሚጠይቅ ምክር ቤት በሌለበት 50 ዓመት የሚቆይ ዕዳ መግባትን እንደ መፍትሔ ማየት ይከብደኛል። ፈንዱን አሳዩን ይሉ የነበሩት ሰዎች ሌላ ጥፋት ቢኖርባቸውም፣ ያ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር።

"በጀቱን የሚበላው የውጭ ዜጋው ነው"

ወደ 5 ሚሊዮን ከሚጠጋው የኩዌት ነዋሪ ዜጋው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። የቀረነው ድምፅ የለንም፤ በኢራዳ አደባባይ የሚሰለፍልንም የለም። መንግሥትና ምክር ቤቱ በምንም ጉዳይ ባልተስማሙባቸው ዓመታት የተስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ሸክሙን እኛ ላይ ማሳረፍ ነው።

የውጭ ዜጋ ከድጎማው ይጠቀማል፤ ይህ አይካድም። ቤንዚኑም፣ መብራቱም፣ ሐኪም ቤቱም ከወጪው ባነሰ ዋጋ ነው የሚቀርበው። ነገር ግን የበጀቱ ትልቁ ክፍል የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ ሥራ ላይ ያለው ኩዌታዊ አብዛኛው የመንግሥት ተቀጣሪ ሲሆን፣ የውጭ ዜጋው በብዛት የሚሠራው በግል ድርጅትና በሰው ቤት ነው። በ2016 የመብራት ዋጋ በሕግ ሲጨምር የዜጎች የግል መኖሪያ ቤቶች በኪሎዋት ሰዓት 2 ፊልስ እንደነበሩ ቀሩ፤ የውጭ ዜጎች የሚከራዩዋቸው አፓርታማዎች ወደ 5 ፊልስ ወጡ። በኦክቶበር 2017 የውጭ ዜጎች የሕክምና ክፍያ ጨመረ። በዲሴምበር 2022 ደግሞ ከጤና ጣቢያ ለሚወሰድ መድኃኒት 5 ዲናር፣ ከሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል 10 ዲናር ተጨመረ። ጅሊብ አል ሹዩክ ውስጥ በአንድ ክፍል ለስድስት ተደርቦ ለሚያድር የቀን ሠራተኛ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለ24.5 ቢሊዮን በጀት ግን ጉድለቱን የሚሞላ ገቢ አይሆንም። ሕመምተኛውን የሚያስቀር፣ ጉድለቱን የማይነካ ክፍያ ነው፤ ይህንን ሳስብ እቆጣለሁ።

"ሐዋላ ላይ ግብር ተጥሏል"

አልተጣለም። በ2018 የምክር ቤቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ እስከ 5 በመቶ የሚያስከፍል ረቂቅ አሳልፎ ነበር። የሕግ ኮሚቴው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ፤ መንግሥትና ማዕከላዊ ባንኩም ተቃወሙ። ሳፋ አል ሃሺም የተባሉት ተመራጭ የውጭ ዜጎች ለሚረግጡት መንገድ ጭምር ይክፈሉ እስከማለት ደርሰው ነበር፤ በዲሴምበር 2020 ምርጫ መቀመጫቸውን አጡ። ሐሳቡ በየሁለት ዓመቱ ተነስቶ ይወድቃል፤ በተነሳ ቁጥር ደግሞ ከሳልሚያ እስከ ማህቡላ የሐዋላ ሱቆች ይጨናነቃሉ። ለላኪው በዚያ ግርግር መካከል ያለ ደረሰኝ ለማያውቁት ሰው ብር መስጠት ከተፈራው ግብር የባሰ ኪሳራ ነው።

"መንግሥት ደመወዝ ስላቆመ ማዳም አልከፈለችኝም"

ጃብሪያ ውስጥ ቤት የምትሠራ አንዲት እህት ይህንኑ ነግራኛለች። ማታ ማታ ዲዋኒያው (የወንዶች እንግዳ መቀበያው) ሲሞላ ሻይ ይዛ ትገባለች፤ እንግዶቹ ሩዋቲብ፣ ሚዛኒያ፣ ዐጅዝ እያሉ ሲከራከሩ ትሰማለች። ደመወዝ፣ በጀት፣ ጉድለት መሆኑን ለይታለች። የሦስት ወር ክፍያዋን ስትጠይቅ ማዳም "አገሩ ገንዘብ የለውም፣ አንቺም ሰምተሻል" አለቻት። እሷም ሰምታለችና አመነች።

የሰው ቤት ሠራተኛ ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ወጥቶ አያውቅም። ከአሠሪው ኪስ የሚወጣ ግዴታ ነው። የ2015 ሕግ ቁጥር 68 ደመወዝ በየወሩ እንዲከፈል፣ የሳምንት ዕረፍት እንዲኖር፣ በዓመት 30 ቀን ዕረፍት ከክፍያ ጋር እንዲሰጥ፣ ኮንትራቱ ሲያልቅም ለየአገልግሎት ዓመቱ የአንድ ወር ክፍያ እንዲጨመር ያዛል። በ2016 በሚኒስትር ውሳኔ የተቀመጠው ዝቅተኛ ደመወዝ 60 ዲናር ነው። የነዳጅ ዋጋ ቢወርድም፣ ምክር ቤቱ ቢዘጋም፣ በጀቱ ቢጎድልም ከዚህ የሚነሳ ቃል የለም። አቤቱታ የሚቀበለው በሰው ኃይል ባለሥልጣን ሥር ያለው የቤት ሠራተኞች ክፍል ነው፤ ስትሄዱ የኮንትራቱን ቅጂ፣ የሲቪል መታወቂያውንና ደመወዝ የገባበትን ወይም ያልገባበትን የባንክ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።