«የሚጥል» በሽታ ሳይጥል ሲቀር

የሚድተርም ሰሞን ስለሆነ ስለ ትኩረት ልጽፍ አሰብኩ፤ ብዙ በማይወራበት በኩል ግን ልግባበት።

ኤፒለፕሲን በአማርኛ «የሚጥል በሽታ» እንለዋለን። ስሙ ሲጠራ ሁላችንም የሚታየን ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ሲንቀጠቀጥ፣ የከበበው ሰው ክብሪት ጭሮ ሲያሸተው ነው። (ክብሪቱ አይረዳም። የሚረዳው በጎኑ ማስተኛት፣ ከሚጎዳው ነገር ማራቅ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈም 911 መደወል ነው።) ሕመሙ ግን ሰውን ሳይጥልም ይሠራል። እኔ ከ16 ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ፤ አንድ ቀንም ጥሎኝ አያውቅም። ስለዚህ እናቴ እስከ ዛሬ «እሱስ አይደለም፤ መቼ ወድቀህ ታውቃለህ?» ትለኛለች።

አንጎል ውስጥ ምን ይሆናል?

የሰርግ አዳራሽ አስቡ። በየጠረጴዛው የተለያየ ጨዋታ አለ፤ ከሩቅ ጫጫታ ቢመስልም እያንዳንዱ ወሬ ትርጉም አለው። ድንገት አዳራሹ በሙሉ በአንድ ምት ማጨብጨብ ቢጀምር ድምፁ ይጎላል፣ ወሬው ግን ይቆማል። በኤፒለፕሲም እንዲሁ ነው፦ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጊዜ መልእክት መላክ ያለባቸው የነርቭ ሴሎች ሁሉም በአንዴ ይልካሉ። ጭብጨባው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊቀር ወይም አዳራሹን ሊያዳርስ ይችላል። ይህን ራስ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የሚቀዳው ምርመራ ኢኢጂ ይባላል። ከሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳው ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924።

በይበልጥ ልጆች ላይ የሚታየው «አብሰንስ» የተባለው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ ነው። ልጁ እያወራ በመሃል ዝም ይላል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ከ10 ሰከንድ ገደማ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። በዚያች ቅጽበት ኢኢጂው በሰከንድ 3 ጊዜ ገደማ የሚመላለስ ሞገድ ያሳያል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ስለሚችል ልጁ ትምህርቱን እየተቆራረጠ ነው የሚሰማው። አስተማሪው «ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው» ይላል፣ ቤተሰቡም «ፈዛዛ» ይለዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በሐሳብ የሄደ ልጅ ሲጠሩት ወይም ሲነኩት ይመለሳል፤ አብሰንስ የያዘው ግን እስኪያልፍለት አይመለስም።

ሕመሙ ባልተነሳበት ሰዓትስ?

ከዚህም የረቀቀ አለ። ሕመሙ ባልተነሳበት ጊዜም ኢኢጂ ላይ አጫጭር ብልጭታዎች ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 አርትስ፣ ቢኒና ባልደረቦቻቸው ታካሚዎችን በቴሌቪዥን የሚቀርብ የማስታወስ ጨዋታ እያጫወቱ ኢኢጂ ቀዱ። ግማሽ ያህሉ ብልጭታው በመጣበት ቅጽበት ይበልጥ ይሳሳቱ ነበር። ብልጭታው በግራ ሲሆን በአብዛኛው የቃላት ጨዋታው፣ በቀኝ ሲሆን የምስልና የቦታ ጨዋታው ይበላሻል።

የእኔ በግራ በኩል ነው። ሌክቸር ላይ የፕሮፌሰሩ ድምፅ ይሰማኛል፣ ትርጉሙ ግን ለጥቂት ሰከንድ አይደርሰኝም፤ ኖቴ ላይ ዐረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይቆረጣል። ቃል ሲጠፋብኝ ጓደኞቼ «እንግሊዝኛው ነው» ብለው ያልፉት ነበር። አማርኛውም አብሮ ይጠፋ ነበር እንጂ!

ትኩረት በጠፋ ቁጥር ግን ጥፋቱ የብልጭታው ብቻ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ መድኃኒቱ ራሱም ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 እዚህ አሜሪካ በወጣ ጥናት፣ ኢቶሰክሲማይድና ቫልፕሮይክ አሲድ አብሰንስን በመቆጣጠር ተቀራራቢ ነበሩ። ከ16 ሳምንት በኋላ ግን የትኩረት ችግር የታየባቸው ልጆች በመጀመሪያው 33 በመቶ፣ በሁለተኛው 49 በመቶ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ሐኪም «ሕመሙ ተነሳ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «አልተነሳም» ብላችሁ አታቁሙ፤ ትምህርቱ እንዴት እየሆነላችሁ እንደሆነም ንገሩት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው ታውቋል። ዳላስና ፎርት ዎርዝ ያለነውን ሐበሾች ቁጥር ስታስቡ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ሊኖረው ይችላል።

ምልክቱን ራሳችሁ ላይ ወይም ታናናሾቻችሁ ላይ ካያችሁ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቡ፤ ከተቻለም በስልክ ቅረጹትና ለሐኪም አሳዩ። ዳላስ ያለው ዩቲ ሳውዝዌስተርን፣ ለልጆች ደግሞ ፎርት ዎርዝ ያለው ኩክ ችልድረንስ የኤፒለፕሲ ማዕከል አላቸው። መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ጠበል የሚጠመቅም የሚጾምም ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይችላል። መኪና መንዳትንም ሳትጠይቁት አትለፉ።

ትምህርትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ኤፒለፕሲንም ይሸፍናል። የኮሌጁ የድጋፍ ቢሮ የፈተና ጊዜ ሊያስጨምር፣ ሌክቸር እንድትቀዱም ሊፈቅድ ይችላል። ለፕሮፌሰሩ የሚደርሰው ደብዳቤ የሚፈቀደውን እንጂ የሕመሙን ስም አይጠቅስም። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ሴሚስተር ጨርሻለሁ፤ የክፍል ጓደኞቼ ያወቁት እኔ ስነግራቸው ብቻ ነው።

እናቴም ይህን ጽሑፍ ታነበዋለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። መልካም የፈተና ጊዜ፤ እንቅልፋችሁን ተኙ!