የካርቱሙ ሂልተን ነጥብ የት ገባ?

ባደራችሁ ቁጥር ነጥብ የምታጠራቅሙበት የሆቴል አባልነት ካርድ ይዛችሁ ለምትጓዙ፣ የነጥቡን አሠራር በካርቱም ላሳያችሁ።

ነጭና ጥቁር አባይ በሚገናኙበት ሞግራን ላይ ሂልተን ነበረ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል ሆቴሉን የሚያስተዳድረው ሂልተን ኢንተርናሽናል በእንግሊዝ ኩባንያ እጅ ስለነበር ስሙ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን የአሜሪካው የሂልተን ኩባንያ ሂልተን ኢንተርናሽናልን ጠቅልሎ ገዛው። ከዚያ በኋላ ማዕቀቡ ስለነካው ስሙ ወርዶ ሕንፃው ኮራል ካርቱም ተባለ። ያው መስኮት፣ ያው አባይ፤ የሂልተን ነጥብ ግን የለም!

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሕንፃው ባለቤት ሌላ፣ ስሙን ሰጥቶ የሚያስተዳድረው ሌላ ነው። ነጥቡን የሚሰጠው የስሙ ባለቤት ነው። እዚያው ካርቱም አል ሳላም ሮታና ሆቴል ያደረ ሰውም የሚያገኘው የአቡዳቢውን ሮታና ጥቅም ነበር።

በማዕቀቡ ዘመን ቪዛና ማስተር ካርድ ካርቱም ላይ ስለማይሠሩ እንግዳው ጥሬ ዶላር ቆጥሮ ይከፍል ነበር። ይሄ በራሱ ነጥብ አያስቀርም። ነጥብ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ክፍሉን በሦስተኛ ወገን ድረ ገጽ መያዝ ነው፤ ርካሽ ነው ብላችሁ የያዛችሁት ክፍል የአባል ቁርስና ዘግይቶ የመውጣት መብትም ሊያሳጣችሁ ይችላል። መሥሪያ ቤታችሁ በጉዞ ወኪል ከያዘላችሁ ደግሞ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት «የአባልነት ቁጥሬ ገብቷል?» በሉ። ስትወጡ ሒሳቡ ላይ ስማችሁ መኖሩን እዩ፤ ደረሰኙን ነጥቡ እስኪገባ አትጣሉ።

አዲስ አበባ ሸራተን የምታድሩ፣ ማሪዮት የሸራተን ስም ባለቤት የነበረውን ስታርዉድን እ.ኤ.አ. በ2016 ስለገዛ ነጥባችሁ የሚቆጠረው በማሪዮት ነው። የድሮውን የስታርዉድ ካርድ ኪሳችሁ ውስጥ አትፈልጉ።