የ1762 ዓ.ም. ሰሙነ ሕማማትና የዜማ ታሪክ

ጆሮ የሰማውን ልብ ይይዘዋል፤ ልብ የያዘውን ግን ለተተኪ ካላስረከቡት ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። ይህን ለማስረዳት የአንድ ዓመት ታሪክ ይበቃል፤ እርሱም 1762 ዓ.ም. ሲሆን በኤውሮፓ አቈጣጠር 1770 ነው።

በዚያ ዓመት የእኛና የሮማ ፋሲካ በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 9 ቀን ዋለ። በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ የ14 ዓመት ልጅ የነበረው ዎልፍጋንግ ሞዛርት ከአባቱ ጋራ በሮማ በሲስቲና ጸሎት ቤት ተገኝቶ፣ ግሬጎርዮ አሌግሪ በዳዊት 50ኛ መዝሙር የደረሰውን ዜማ ሰማ። ይህ ዜማ ተገልብጦ ከዚያ ቤት እንዳይወጣ የተከለከለ ነው ይባል ነበር። ልጁ ግን የሰማውን በልቡ ይዞ ወጥቶ ጻፈው፤ አባቱም ይህንኑ በደብዳቤ ወደ ቤቱ አስታወቀ። ኤውሮፓ ነገሩን እስከ ዛሬ በአድናቆት ታወሳዋለች።

በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው የሙዚቃ ሊቅ ቻርልስ በርኒ የሙዚቃን ታሪክ ለመጻፍ ፈረንሳይንና ኢጣልያን ይዞር ነበርና ሞዛርትን በቦሎኛ አገኘው። በማግሥቱ ዓመትም ያንኑ የሲስቲና ዜማ በሎንዶን አሳተመው።

በዚያው ወራት ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በእኛ አገር ነበረ። ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ነግሠው፣ ራስ ሚካኤል ስሑል ሥልጣኑን ይዘው፣ እቴጌ ምንትዋብም በቍስቋም ሳሉ፣ በየካቲት ጎንደር ገባ። በግንቦትም ርብና ጉማራ በሚያጠጡት በፎገራ አገር፣ በጣና ምሥራቅ በኩል ወደ ጢስ ዓባይ ወረደ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያ ለበርኒ ጽፎ ሰጠው፤ በርኒም በ1776 (በኤውሮፓ) ባወጣው የታሪኩ መጀመሪያ መጽሐፍ አተመው። ብሩስ የቈጠራቸው ስድስት ናቸው፤ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ ስድስተኛውም ክራርን የመሰለ ባለ አውታር። ከእነዚህም ጸናጽል የቤተ ክርስቲያን መሆኑን ለይቶ ተናገረ።

እንግዳ ሰው ይህን ያህል መጻፉ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን መሣሪያ የዜማ አገልጋይ እንጂ ዜማው ራሱ አይደለም። ዛሬ በፎገራ ወረታ ሲደርሱ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጋይንት። በጋይንት ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባም ለዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። በዚያ ያለ ተማሪ የዓመቱን በዓላት ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ብዙ ዓመት ደክሞ በቃሉ ይይዛል። ሞዛርት አንድን ዜማ ባንድ ጊዜ መያዙ የተለየ ስጦታ ነው፤ የእኛ ተማሪ ግን ብዙውን በትዕግሥት ይይዛል። የሁለቱ ሥራ አንድ ባይሆንም፣ ልቡናን መጽሐፍ ማድረጋቸው አንድ ነው።

አባቶቻችንም ጽሕፈትን አልናቁም። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ይሁን እንጂ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋትና ርክርክ የተማረውን ያስታውሱታል እንጂ ያልተማረውን አያስተምሩትም። ምልክቱ የማይዘው ጣዕም በመምህሩ ጉሮሮ ይኖራል፤ መምህሩ ሲያርፍም፣ ተተኪ ካላገኘ፣ አብሮት ያርፋል።

እንግዲህ የሲስቲና ዜማ በአንድ ልጅ ልብ ወጥቶ በአንድ ሊቅ ትጋት ለዓለም ከደረሰ፣ የቤተልሔምና የዙር አምባ ዜማ ሌላ ብሩስ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ድምፅ መቅጃ ዛሬ በየሰው እጅ ይገኛል። ካህናት የመምህራኑን ድምፅ በስማቸውና በዘመኑ ይቅዱ፤ የወረዳ ሹማምንትም የተቀዳው የሚጠበቅበትን ቤትና ለተማሪው የሚሆን ቀለብ ያስቡ። ሆኖም ተማሪ የሌለው ድምፅ መታሰቢያ ብቻ ነውና፣ ከመቅዳቱ ይልቅ የሚማረውን ልጅ ማቈየት ይቀድማል።