የተለጠጠ ጎማ፦ ለመልክ ወይስ ለአነዳድ?

የቮልስዋገን ጎልፍ ወዳጆች እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ኦስትሪያ ውስጥ ቮርተር ሐይቅ ዳር ይሰባሰቡ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ስብሰባዎች ዓይን ከሚስቡት መካከል ደረታቸው መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ጠባብ ጎማቸው በሰፊ ቸርኬ ላይ የተለጠጠ መኪኖች ይገኙበታል። ክርክሩም ከነሱ ጋር ይመጣል።

ደጋፊዎቹ ምክንያት አላቸው። የተለጠጠ ጎማ ጎኑ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል መኪናው ዝቅ ቢልም ከፓራፋንጎው ጋር አይፋተግም። ጎኑ ስለሚወጠርም መሪው ሲዞር መኪናው ፈጥኖ ይታዘዛል ይላሉ።

ተቃዋሚዎቹ ግን አስፋልቱን ያሳያሉ። መንገድ የሚይዘው የጎማው ፊት ነው፤ ቸርኬ ስለሰፋ ብቻ እሱ አይሰፋም። ለውድድር የሚዘጋጅ መኪና ሰፊ ቸርኬ ሲገባለት ጎማውም አብሮ የሚሰፋው ለዚህ ነው። የተለጠጠ ጎማ ንፋሱ ከቀነሰ በኩርባ ላይ ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ጉድጓድ ሲገጥመውም ምቱን የሚያበርድ ጎን ስለሌለው ቸርኬው ይጣመማል።

ሁሉም ጎማ ልክ አለው። ለምሳሌ ብዙ የቤት መኪኖች የሚጠቀሙበት 205/55 አር 16 የተሠራው ከ5.5 እስከ 7.5 ኢንች ለሚሰፋ ቸርኬ ነው። 9 ኢንች ላይ ከተወጠረ ከልኩ ወጥቷል።

መኪናው ለትርዒት ብቻ ከሆነ ምርጫው የባለቤቱ ነው። ልጆችዎን ትምህርት ቤት የሚያደርሱበት ከሆነ ግን አዲስ ቸርኬ ከመግዛትዎ በፊት ጎማ አምራቹ የፈቀደውን ስፋት ያረጋግጡ። ውበቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።