ካሚዮንን በክረምት በብረት ማቆሚያ ላይ ስለ ማሳረፍ

በደጎሎ ከተማ ዙሪያ የሚገኘው የጃማ ደጋ አብዛኛው መሬቱ ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ይለሰልሳልም። ከሰኔ እስከ መስከረም ከዋናው መንገድ የራቁት የገጠር መንገዶች በጭቃ ስለሚያዙ፥ ስንዴና ጤፍ የሚያመላልስ ነጋዴ አንዳንድ ጊዜ ካሚዮኑን በመጋዘን ለማቆም ይገደዳል።

ለብዙ ወራት ሳይንቀሳቀስ የቆመ መኪና ክብደቱ በጎማው አንድ ወገን ብቻ ስለሚያርፍ፥ ጎማው ቅርጹን ያጣል። ስለዚህ መኪናውን ካቫሌቶ በሚባለው የብረት ማቆሚያ ላይ ማሳረፍ ጠቃሚ ነው። ሥራው በጥንቃቄ ካልተፈጸመ ግን ጉዳቱ ከንብረት አልፎ ለሰው ሕይወት ይተርፋል።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ ክሪክ ማንሻ እንጂ መሸከሚያ አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። የዘይት ክሪክ ዘይቱን ካፈሰሰ ሳይታሰብ ይወርዳል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው መግባት የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ወለሉ ነው። ባዶ ክብደቱ 3,000 ኪሎ የሆነ መኪና በ4 ካቫሌቶ ላይ ሲያርፍ፥ እያንዳንዱ በአማካይ 750 ኪሎ ይሸከማል፤ ሞተሩ ባለበት ወገን ያለው ድርሻ ይበልጣል። የካቫሌቶው እግር 20 በ20 ሳንቲሜትር ቢሆን፥ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ 2 ኪሎ ገደማ ያርፋል። ከሥሩ 50 በ50 የሆነ ወፍራም ሳንቃ ቢነጠፍ ግን ጫናው ወደ 0.3 ኪሎ ይቀንሳል። የአርማታ ወለል ከሁሉ ይመረጣል። በእርጥብ ዋልካ ላይ ግን ሳንቃም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። ብሎኬትና ድርድር ድንጋይ በድንገት ስለሚፈርሱ በካቫሌቶ ምትክ ሊያገለግሉ አይገባም።

የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። ጭነቱ ይወርዳል፤ የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ይታገዳሉ። በብዙ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ብቻ ስለ ሆነ፥ ኋላው ከተነሣ በኋላ በፍሬኑ መተማመን አይቻልም። ቀጥሎ የኋላው ወገን ይነሣና ካቫሌቶዎቹ በእኩል ቁመት ከአክስሉ ሥር፥ በባሌስትራው አጠገብ ይቆማሉ። የፊቱም እንዲሁ በዝግታ ይከናወናል። ጎማው ከወለሉ ጥቂት ጣት ከፍ ካለ በቂ ነው።

ከዚያ በኋላ የባትሪው ሽቦ ይፈታል፤ ካቫሌቶዎቹም እንዳይሰምጡና እንዳይዘሙ በየሳምንቱ ይታያሉ።

ካቫሌቶ የሚያስመጡና የሚሸጡ ነጋዴዎችም አንድ ነገር ሊያስተውሉ ይገባል። በዕቃው ላይ የተጻፈው የክብደት ልክ አንዳንድ ጊዜ የአንዱ ሳይሆን የጥንዱ ነው። ይህን ለይቶ ለገዢው መንገር የሻጩ ግዴታ ነው፤ ገዢውም ሳይጠይቅ ባይገዛ መልካም ነው።